ሻዩ እኮ ረክሶ ነበር

«ጋሼን ጠይቁ» — የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

እንደምን ከረማችሁ? የዚህን ወር ደብዳቤዎች ያነበብኩት እንደ ልማዴ አራት ኪሎ ነው፤ ከሐውልቱ ወረድ ብላ ካለችው ትንሽ ካፌ በረንዳ ላይ። አንድ እግሬ ሊስትሮው ሣጥን ላይ ነው። ዝናቡ መጣሁ መጣሁ ይላል። ማኪያቶዬ ቀዝቅዟል፤ ጥፋቱ የናንተ ነው። ደብዳቤዎቹን አንብቤ ስጨርስ ግማሾቹ ስለ አሜሪካ አጀማመር ሆነው አገኘኋቸው። ምን ነካችሁ? ዲቪ ደረሳችሁ እንዴ?

ደስ ግን ብሎኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ ሳስተምር ስለ አሜሪካ የምናገረው ከፈተና በፊት ባለችው ጥድፊያ ሳምንት ብቻ ነበር። አሁን ጊዜ አለኝ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ፤ ወደኛ ለመመለስ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሱ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ሻይ ቤት አለኝ። ሰሞኑን ስኳር ሲወደድብኝ ሻዩ ላይ ትንሽ ብጨምር፣ አንድ የዘወትር ደንበኛዬ «አሜሪካኖች በሻይ ዋጋ የተነሣ ነው በመንግሥት ላይ ያመፁት፣ ተጠንቀቂ» ብሎ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እውነት ጦርነቱ የተነሣው ሻይ ስለተወደደ ነው?
ባለ ሻይ ቤቷ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ የኔ እህት፣ ለደንበኛሽ እንዲህ በዪው፦ ሻዩ እኮ ረክሶ ነበር። የቦስተን ሰዎች ባሕር ውስጥ የደፉት የተወደደ ሻይ አይደለም። ከዚያ በፊት ከሚጠጡት ይልቅ ርካሽ የሆነ ሻይ ነው።

ለምን እንደ ደፉት ለመረዳት ግን ከሻዩ ወደ ሃያ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሄድ አለብን። ነገሩ ያለው ሒሳቡ ላይ ነው። ይህን ደግሞ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። አንዱ ቁጭ ብሎ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሒሳቡን ሳይዘጋ ይወጣል። ቢሉ ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው ፊት ይመጣል። ያን ጊዜ ነው ጠብ የሚነሣው።

በ1754 በፔንሲልቬንያ ምዕራባዊ ጫካ ውስጥ አንድ የ22 ዓመት ወጣት መኮንን ነበር። ስሙ ጆርጅ ዋሽንግተን። ያኔ አመፅ የሚባል ነገር በሐሳቡም የለ። የእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝ፣ የቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት ጦር መኮንን ነው። የኦሃዮን ወንዝ ሸለቆ እንግሊዝም የኔ ነው ትላለች፣ ፈረንሳይም የኔ ነው ትላለች። ባለ አገሮቹን ማንም አልጠየቃቸውም። ሜይ 28 ማለዳ ዋሽንግተን 40 ያህል ወታደሮችና ታናግሪሰን ከሚባል የነባር ሕዝቦች መሪ ጋር የመጡ ተዋጊዎችን ይዞ፣ ገደል ሥር ያደሩ ጥቂት ፈረንሳዮችን ከበበ። ተኩሱ ሩብ ሰዓት ያህል ቢቆይ ነው። የፈረንሳዮቹ አዛዥ ዡሞንቪል ተገደለ። የተረፉት «እኛ እኮ መልእክተኞች ነን፣ ደብዳቤ ይዘን ነው የመጣነው» አሉ።

አምስት ሳምንት ቆይቶ የሟቹ ወንድም ጦር አስከትሎ መጣ። ዋሽንግተን በጥድፊያ ከግንድ ያቆማት ምሽግ ነበረችው፤ ፎርት ኔሴሲቲ ትባላለች። የተሠራችው ረባዳ ሜዳ ላይ፣ ዙሪያዋን ዛፍና ኮረብታ ባለበት ነው። እዚያ ቦታ ምሽግ መሥራት ራሱ ምን ይሉታል? ወጣትነት ነው እንጂ። ጁላይ 3 ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ የኛን የሐምሌ ዝናብ አስቢ። ጉድጓዱ ውኃ ሞላ፣ ባሩዱ ራሰ። ማታ ላይ ፈረንሳዮቹ የእጅ መስጫ ውል ላኩ።

ውሉ በፈረንሳይኛ ነው። ዋሽንግተን ፈረንሳይኛ አያውቅም። አስተርጓሚው ሆላንዳዊ ነው። ዝናብ የበላውን ወረቀት በሻማ ብርሃን እያየ አነበበለትና ዋሽንግተን ፈረመ። ለካ በውሉ ውስጥ ዡሞንቪል በደባ ተገደለ የሚል ቃል ነበረበት። ለዋሽንግተን የመሰለው ግን «ዡሞንቪል ሞተ» ብቻ የሚል ነበር። ፈረንሳይ ያቺን ወረቀት ይዛ «የእንግሊዝ መኮንን ነፍሰ ገዳይ መሆኑን በፊርማው አመነ» እያለች አሳየችበት።

ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዱ «ውጫሌ!» ብሎ ይጮኻል። በየዓመቱ አንድ የሚጮኽ አይጠፋም ነበር። የኛ አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል በጣልያንኛው ግዴታ ሆነ፤ ከ1889 ውል ወደ 1896ቱ ዓድዋ ያደረሰን መንገድ ከዚያች ቃል ይጀምራል። በእርግጥ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ምኒልክ የፈረሙበት አማርኛ ልክ ነበር፤ የተጭበረበረው ሌላኛው ነው። ዋሽንግተን ግን የማያነበው ወረቀት ላይ ነው የፈረመው። እኔም አልስቅበትም። አንድ ጊዜ ለዘመድ ተያዥ ሆኜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አሥራ አንድ ገጽ ውል ላይ ሳላነብ ፈርሜ፣ ሁለት ዓመት ከደመወዜ ተቆርጦብኛል። እንግሊዝኛ ደግሞ አውቃለሁ።

ከዚያች ምሽግ የተነሣው እሳት ሰፊ ጦርነት ሆነ። በአውሮፓም፣ በሕንድም፣ በባሕር ላይም ተዋጉ። በ1759 ኩቤክ ላይ የሁለቱም ወገን አዛዦች ሞቱ። በ1763 ፓሪስ ላይ ሰላም ሲፈራረሙ እንግሊዝ ካናዳንና ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ያለውን የፈረንሳይ ይዞታ ወሰደች። አሸነፈች። የመንግሥቷ ዕዳ ግን ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ወደ እጥፍ ተጠጋ። በዚያ ላይ 10,000 ያህል ወታደር አሜሪካ ውስጥ ላቆይ አለች።

እንግዲህ ቢሉ መጣ። ለንደን «የተዋጋነው ለናንተ ነው፣ ክፈሉ» አለች። ቅኝ ግዛቶቹ ደግሞ «እኛም ሞተናል፤ ደግሞም ቀረጥ የሚጥልብን ፓርላማ ውስጥ አንድም ሰው የለንም» አሉ። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ጠብ የሚከፋው እንዲህ ሲሆን ነው።

መጀመሪያ ከከበዱት አንዱ የ1765ቱ የቴምብር ቀረጥ ነው። ቴምብርን ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። ፎርሙን ሞልተሽ፣ ሁለት ሰዓት ተሰልፈሽ፣ መስኮቱ ጋ ስትደርሺ «ቴምብር ገዝተሽ ተመለሺ» ይሉሻል። እዚያም ጋዜጣው፣ ውሉ፣ የፍርድ ቤት ወረቀቱ፣ ሌላው ቀርቶ መጫወቻ ካርታው ቴምብር ይኑረው ተባለ። የተናደዱት እነማን ይመስሉሻል? ጠበቃ፣ ጋዜጠኛ፣ ነጋዴና መጠጥ ቤት ውስጥ ካርታ የሚጫወት ሰው። አፍ ያላቸውን ሰዎች ሁሉ በአንድ ቀን ማስቀየም ከባድ ስሕተት ነው። ቀረጡ በዓመቱ ተሻረ።

በ1767 ሌላ መጣ፤ በመስታወት፣ በወረቀት፣ በቀለም፣ በሻይ ላይ። ቦስተን አልታዘዝ ስትል ወታደር ገባባት። ማርች 5 ቀን 1770 ማታ ሕዝቡ ዘበኛውን በበረዶ ኳስና በስድብ ሲያዋክብ ወታደሮቹ ተኮሱና አምስት ሰው ሞተ። የሚገርመው፣ ወታደሮቹን ፍርድ ቤት ቆሞ የተከራከረላቸው ኋላ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ ነው። ስድስቱ በነፃ ተለቀቁ፤ ሁለቱ አውራ ጣታቸው ላይ በጋለ ብረት ምልክት ተደርጎባቸው ወጡ።

ከዚያ ለንደን ሌላውን ቀረጥ አነሣችና የሻዩን ብቻ ተወችው። ገንዘቡ ብዙ ስለሆነ አይደለም። «መቅረጥ መብቴ ነው» ለማለት ያህል ነው። ሰዉም ከሆላንድ በኮንትሮባንድ የሚገባ ሻይ እየጠጣ ዝም አለ። በ1773 ግን የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሊከስር ደረሰ፤ መጋዘኑ በሻይ ተሞልቷል። መንግሥት ኩባንያውን ለማዳን «ያለ ደላላ በቀጥታ ሽጥ» አለው። ሻዩ ከነቀረጡ ከኮንትሮባንዱ ረከሰ።

ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ርካሹን ሻይ የገዛ ሰው ሳያውቀው ቀረጡን ተቀበለ ማለት ነው። ኮንትሮባንዲስቱም ገበያው ሊዘጋበት ነው፤ የነጻነት ታሪክ ሲጻፍ ይህችን ማለፍ የሚወዱ አሉ። ዲሴምበር 16 ማታ፣ ሞሆክ የሚባሉትን ነባር ሕዝቦች መስለው የለበሱ ሰዎች ሦስት መርከቦች ላይ ወጡና 342 ሣጥን ሻይ ወደብ ውስጥ ደፉ። ከ40 ቶን በላይ ነው። ሌላ ዕቃ አልነኩም። የሰበሩትን አንድ የቁልፍ ጋን እንኳ ተክተዋል ይባላል። ለንደን የሻዩ ዋጋ እስኪከፈል ብላ የቦስተንን ወደብ ዘጋች። ኤፕሪል 19 ቀን 1775 ሌክሲንግተን ላይ ተታኮሱ። ሌላውን ፊልም አሳይቶሻል።

ስለዚህ የኔ እህት፣ ዋጋ ስትጨምሪ አትደንግጪ። የማርች 8 ሰልፈኞች የጠጡትን ሻይ ለዚያ ደንበኛሽ ካላስከፈልሽው በቀር አያምፅብሽም።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በዩቲዩብ እንዳየሁት መጀመሪያ የሄዱት እንግሊዞችና ቀይ ሕንዶች አብረው ድግስ በልተዋል። ታዲያ መቼ ነው የተጣሉት?
ከቀበና

መልስ፦ መጀመሪያ ቀይ ሕንድ የሚለውን ቃል ተወው፤ ኮሎምበስ ሕንድ የደረሰ መስሎት ያወጣው ስም ነው። ነባር ሕዝቦች በል፤ ከቻልክ ደግሞ በየስማቸው ጥራቸው። ድግሱን ከእንግሊዞቹ ጋር የበሉት ዋምፓኖአግ ይባላሉ።

ድግሱ እውነት ነው። በ1621 የዋምፓኖአግ መሪ ማሳሶይት ከፕሊመዝ ሰፋሪዎች ጋር ቃል ኪዳን ገባ። በዚያው ዓመት በመከር አብረው በሉ። ማሳሶይት እስኪሞት አርባ ዓመት ያህል ቃሉን ጠበቀ። ሰፋሪው ግን በዛ። መሬቱ በውልም ያለ ውልም ሄደ። የሰፋሪው ከብትና አሳማ የዋምፓኖአጎችን በቆሎ ይረግጣል፣ ከሰሱ ሲባል ዳኛው ያው ሰፋሪው ነው። የከብት ካሳ ጠብ ምን እንደሆነ አያትህን ጠይቅ፤ መጽሐፍ አያስፈልግህም።

በ1675 የማሳሶይት ልጅ ሜታኮም ጦርነት ገጠመ። እንግሊዞቹ ንጉሥ ፊልጶስ ይሉታል። ከሕዝቡ ብዛት አንጻር በዚያ ምድር ከተደረጉት ጦርነቶች ሁሉ ደም የፈሰሰበት እሱ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ኦገስት 1676 ሜታኮም ተገደለ። ጭንቅላቱ ፕሊመዝ ላይ እንጨት ላይ ተሰቅሎ ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ። ትንሽ ልጁን ለባርነት ሸጡት። የማሳሶይት የልጅ ልጅ መሆኑ ነው። ከድግሱ እስከዚያ 55 ዓመት።

ሌላም ልጨምርልህ። በ1763 የእንግሊዝ ንጉሥ «ከአፓላቺያን ተራሮች ወዲያ ማንም እንዳይሰፍር» ብሎ አወጀ። ለነባሮቹ አዝኖ አይደለም፤ በዚያው ዓመት ፖንቲያክ የሚባለው መሪ ያስነሣው ጦርነት አስደንግጦት፣ ሌላ የጦርነት ወጪ ፈርቶ ነው። ሰፋሪው በዚህም ተቀየመ። ከተቀየሙት አንዱ ከተራራው ማዶ መሬት ሲያሰላ የነበረው ዋሽንግተን ነው። በ1783 እንግሊዝና አሜሪካ ሲታረቁ እስከ ሚሲሲፒ ያለው ምድር ለአሜሪካ ተሰጠ። በስምምነቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ከባለ አገሮቹ አንድም አልተቀመጠም።

ጥያቄ፦ እነሱ እንዲህ ሲሆኑ ያኔ እኛ ምን ላይ ነበርን?
ከስድስት ኪሎ

መልስ፦ እኛም ሥራ አልፈታንም። አፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ የተገደሉት በ1769 ነው፤ ዘመነ መሳፍንትን ከዚያ እንቆጥራለን። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በፌብሩዋሪ 1770 ነው። ቦስተን ላይ እነዚያ አምስት ሰዎች ሲሞቱ እሱ ጎንደር ገብቶ ገና ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው።

ጥያቄ፦ ነጻ ከወጡ በኋላስ? ወዲያው ሰላም አገኙ ወይስ እንደኛ እርስ በርስ ተፋጁ?
የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከሜክሲኮ

መልስ፦ አሁንም ቢሉ መጣ። የነጻነቱ ጦርነት በብድር ነው የተካሄደው። ወታደሩ በጥሬ ገንዘብ ፈንታ ‹ወደፊት ይከፈልሃል› የሚል ወረቀት ይዞ ቤቱ ገባ። ሲቸግረው ወረቀቱን ለነጋዴ በትንሽ ሳንቲም ሸጠው። ከዚያ የማሳቹሴትስ መንግሥት ዕዳዬን ልክፈል ብሎ ግብር ሲጥል፣ ግብሩን ክፈል የተባለው ያው ወታደር ነው። ገበሬው በጥሬ ገንዘብ ከየት ያምጣ? ፍርድ ቤት መሬቱንና ከብቱን ይወስድበት ጀመር።

በ1786 ገበሬዎቹ ፍርድ ቤቶቹን ከበው ዘጉ። ከመሪዎቹ አንዱ ዳንኤል ሼይስ በነጻነቱ ጦርነት ሻምበል የነበረ ነው። ጃንዋሪ 1787 ስፕሪንግፊልድ የሚገኘውን የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሊይዙ ሲሄዱ መድፍ ተተኮሰባቸውና አራት ሰው ሞተ። አመፁን ለማፈን ጦር ያቆመው የቦስተን ባለጸጎች ገንዘብ ነው፤ ማዕከላዊው መንግሥት ካዝናው ባዶ ነበር። ባለ ሥልጣኖቹ ደነገጡ። ሜይ ላይ ፊላደልፊያ ተሰበሰቡ፤ ከ55 ተወካዮች 39ኙ የፈረሙበት ሕገ መንግሥት በሴፕቴምበር ወጣ። ግብር መጣል የሚችል መንግሥት ወጣ ማለት ነው።

ከዚያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አዲሱ መንግሥት የጦርነቱን ዕዳ ለመክፈል በ1791 በውስኪ ላይ ቀረጥ ጣለ። የምዕራብ ፔንሲልቬንያ ገበሬዎች አመፁ። በ1794 ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ወደ 13,000 የሚጠጋ ሚሊሻ አዘመተባቸው፤ መንገድ ድረስ ራሱ ወጥቶ ሸኝቷል። በወጣትነቱ በዝናብ የተሸነፈባት ምሽግ ያለችው እዚያው አካባቢ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በዚያ ጦርነት ጥቁሮቹ በየትኛው ወገን ነበሩ? ለነጻነት ነው የምንዋጋው ሲሉ ባሪያ ይዘው አልነበር?
ነርስ ነኝ፣ ከአምባሳደር አካባቢ

መልስ፦ ይዘው ነበር። ዋሽንግተንም ይዞ ነበር። ጥቁሮቹ በሁለቱም ወገን ነበሩ። ቦስተን ላይ ከሞቱት አምስቱ አንዱ ክሪስፐስ አታክስ የጥቁርና የነባር ሕዝቦች ዘር ነበረው። ብዙዎቹ ግን ስሌታቸው ቀላል ነው፤ ነፃ ላውጣህ ያለኝ ማን ነው? በኖቬምበር 1775 የቨርጂኒያው የእንግሊዝ አገረ ገዥ ሎርድ ደንሞር «ከአመፀኞቹ ባሪያዎች ከጦሬ የገባ ነፃ ነው» አለ። ለባሪያ አዝኖ እንዳይመስልሽ፤ ጌቶቹን ለመጉዳት ነው። ቢሆንም በሺዎች የሚቆጠሩ አመለጡ።

ከነዚህ አንዱን ልንገርሽ። ሃሪ ይባላል። የተወለደው ጋምቢያ አካባቢ ነው። በ1763፣ ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው ጦርነት ባለቀበት ዓመት፣ ዋሽንግተን ገዛው። ረግረግ የሚያደርቁ ባሪያዎች ውስጥ ገባ። በ1771 አመለጠ፤ ተያዘ። በ1776 እንደገና አመለጠና ወደ ደንሞር ገባ። በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የጥቁሮች ክፍል አሥር አለቃ ሆነ። ስሙን ሲጠይቁት ሃሪ ዋሽንግተን ብሎ አስመዘገበ።

በ1783 እንግሊዝ ተሸንፋ ከኒውዮርክ ስትወጣ ዋሽንግተን ያመለጡ ባሪያዎች ይመለሱልን ብሎ ጠየቀ። የእንግሊዙ አዛዥ እምቢ አለ። ወደ 3,000 የሚሆኑ ጥቁሮች ስማቸው በመዝገብ ሰፍሮ በመርከብ ወደ ኖቫ ስኮሺያ ሄዱ። ሃሪም አለበት። አገሩ ብርድ ነው። ቃል የተገባላቸው መሬት ለብዙዎቹ አልደረሰም፤ የደረሳቸውም ድንጋይ ነው። በ1792 ወደ 1,200 የሚጠጉት በአሥራ አምስት መርከቦች ወደ ሴራሊዮን ተሻግረው ፍሪታውንን መሠረቱ። ሃሪ ከሃምሳ ዓመት ዕድሜው አጠገብ ሆኖ አፍሪካ ተመለሰ።

ከተማዋን የሚያስተዳድረው ግን የለንደን ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ወጪዬን ላካክስ ብሎ በመሬታቸው ላይ ዓመታዊ ግብር ጣለ። ሰዎቹ ሲመጡ መሬቱ በነፃ ነው ተብለው ነበር። አንከፍልም አሉ። ዋሽንግተን በዲሴምበር 1799 አረፈ። ዓመት ሳይሞላው በ1800 ፍሪታውን ላይ ግብር አንከፍልም ያሉት አመፁና ተያዙ፤ ሃሪ ዋሽንግተንም ከነሱ ጋር ለፍርድ ቀርቦ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የቡሎም ዳርቻ ተጋዘ።